ጓንት ሲያደርጉ የሚጠፋ ፕሮቲን

ፕሮፌሰሩ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሥር በጎናቸው ወድቀው ነበር። ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ነጭ ጋዋን ተደርቦባቸዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጋዋኑን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ እጅጌው የተጠቀለለ ስስ ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሱት። መልሳ ሸፈነቻቸውና ቀና አለች።

«ጋዋኑን ማን ነው የደረበላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች የዶክትሬት ተማሪያቸው ከበሩ ውጪ ቆማ። «ጧት በሩን ስከፍት እንደዚህ ሆነው አገኘኋቸው። ብርድ አይችሉም ነበር። ጋዋናቸውን ከወንበራቸው ላይ አምጥቼ አለበስኳቸው። የጮህኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሳጅኑ ካቴናውን በጣቱ ያሽከረክራል። ነገር ቶሎ ካላለቀለት ምግብ የማይወርድለት ሰው ነው። «ኢንስፔክተር፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የሚባለው። ትላንት 'ብትሞት ይሻለኛል' ስትላቸው የሰማ አለ። አሁኑኑ እንውሰዳት።»

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። ይህ ቃል ከአፏ ስለማይጠፋ ጣቢያ ውስጥ ስሟ እሱው ሆኖ ቀርቷል። ቆይ እስቲ መጣች፣ ቆይ እስቲ ሄደች ይሏታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ክፍሉ አንድ አልጋ እንኳ በቅጡ አያስገባም። ከምድር ቤቱ መጨረሻ ላይ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው እንደ ማቀዝቀዣ ሆድ የነጣ ሳጥን ነው። በሩ ወፍራም ነው፤ ከውስጥ በኩል እጀታው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። መደርደሪያው ላይ በፕላስቲክ ቱቦ የተሞላ ማስቀመጫ አለ፤ ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ ባዶ የፎም ሳጥን። መርማሪዋ ገና ከመግባቷ ትንፋሿ ያጠራት መሰላት። ቶሎ ወጣች።

«ሳጥኑ የምንድን ነው?»

«የደረቅ በረዶ። ትላንት ሙሉ ነበር» አለች ተማሪዋ። «ሲቀልጥ ውሃ አይሆንም፣ ጋዝ ሆኖ ይተናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። እዚህ እንዳይገባ የተከለከለ ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።»

«ቱቦዎቹስ?»

«የኔ ደም ናቸው።» እጅጌዋን ከፍ አድርጋ የመርፌውን ምልክት አሳየች። «የምንሠራው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እነዚህ ሕዋሶች ብዙ አይቆዩም፤ ዛሬ የተቀዳ ለነገ አይሆንም። ስለዚህ ጧት ጧት በየተራ ደም እንሰጣለን። ትላንት ተራው የኔ ነበር።»

«እንዳይበላሹ ነዋ እዚህ የገቡት» አለ ሳጅኑ።

«ኧረ በፍጹም! ሕዋሶቹ በሕይወት እያሉ ብርድ ከነካቸው ለሥራ አይሆኑም። ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውሉት። እዚህ የሚገባው ተሰባብረው ፕሮቲኑ ብቻ ሲቀር ነው።» ቱቦዎቹን አየቻቸው። «ማን እንዳስገባቸው አላውቅም። ስወጣ ፕሮፌሰሩ ፊት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።»

አስከሬኑ በጋዋኑ እንደተሸፈነ ተወሰደ። መርማሪዋ የምድር ቤቱ በር እንዲዘጋ አዘዘች። ከዚያ በኋላ የሚገባ እንጂ የሚወጣ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠራው የፕሮፌሰሩ ታላቅ ወንድም ነው። የሕንፃው ጥገና ኃላፊ ሲሆን፣ በወንድሙ እጅ ሥራ ገባ እየተባለ ቢታማም በእጁ ያልተጠገነ በር አልነበረም፤ ከዚያ ከአንዱ በቀር። የስብሰባው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል።

«እጀታው ከተሰበረ ሰነበተ። መለዋወጫው ይመጣል ሲሉኝ ጠበቅኩ። እስከዚያ የገባ ሰው ሁሉ በሩን በበርጩማ እንዲያስደግፍ ነግሬያለሁ። እሱም ያስደግፍ ነበር።» መዳፎቹን ጨበጣቸው። «ዛሬ ነገ ስል ወንድሜን ቀበርኩት።»

«ዛሬ ጧት አይተዋቸዋል?»

«ስትጮህ ሮጬ መጣሁ። ጋዋኑን ተከናንቦ ነው ያየሁት። ፊቱን አይቼ ተመለስኩ።»

«ቱቦዎቹ ብርድ ውስጥ መገኘታቸው አላስገረመዎትም?»

«ምን ያስገርማል? የሚበላሽ ነገር ብርድ ነው የሚያቆየው። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምከታቸው።»

«ተማሪዋን ስትናገር የሰሙት እርስዎ ነዎት?»

አንገቱን ደፋ። «'ከዚህ ጉድጓድ መቼ ነው የምወጣው? ብትሞት ይሻለኛል!' ስትለው ሰምቻለሁ። እግዜር ይይላት።»

የፕሮፌሰሩ ምክትል የመጣው ረፋዱ ላይ፣ አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ ነው። አዲስ ፕሮቲን አገኘ ተብሎ ስሙ የገነነ፣ ለዚሁ የሚሰጠውን ሽልማት ለመቀበል አዲስ ሱፍ ያሰፋ ሰው ነው። ሳጅኑ በር ላይ ለገባው ሁሉ ጓንት ሲያድል እሱ እጁን አወዛወዘ፤ «ተወው ወንድሜ፣ ያሳክከኛል።» የቀኝ እጁ አውራ ጣትና አጠገቡ ያሉት ሁለት ጣቶች ጫፍ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ምን ነካዎት ዶክተር?» አለች መርማሪዋ።

«ማንቆርቆሪያ አቃጠለኝ። የወንደላጤ ኑሮ!»

«አይዞዎት። ፕሮፌሰሩን መቼ ነው ያዩዋቸው?»

«ትላንት ሊመሽ ሲል። ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ፤ ደህና እደሩ ብያቸው ወጣሁ። እኔማ ስንቴ መከርኳቸው! በሩን ሳያስደግፉ፣ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ይገባል? ሽማግሌ ነዎት ሲባሉ ደግሞ ይቆጣሉ።»

«ከተማሪዋ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

ምክትሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «ልጅቷን ክፉ አልናገርም። ግን ስድስት ዓመት እዚህ ምድር ቤት ማለፍ ቀላል አይደለም። ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?»

ተማሪዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ከስብሰባው ክፍል ጥግ ተቀምጣ፣ ግድግዳው እየተጠጋባት እንደሆነ ሁሉ ትከሻዋን ሰብስባለች። ሳጅኑ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ለምንድን ነው እንደዚያ ያልሻቸው?» አለች መርማሪዋ።

«የማጠናው ምክትሉ ያገኘውን ፕሮቲን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ። ትላንት ፕሮፌሰሩ ጠሩኝና 'ፕሮቲኑ የለም' አሉኝ። 'ጓንት አድርጌ ስሠራ ይጠፋል፤ ጓንት አውልቄ ስሠራ ይመጣል። የደም ፕሮቲን ጓንት አይፈራም' አሉ።»

«ታዲያ ከየት የመጣ ነው?»

«ከቆዳ። ያለ ጓንት ሲሠራ ከእጅ ላይ የሚረግፍ። ፕሮቲኑን ከደሙ አጣርቶ ለሁላችንም የሚሰጠን ምክትሉ ነው።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው እንባ ሆነ። «የሰው እጅ እድፍ ሳጠና ነው የኖርኩት። እናቴ መቼ ትመረቂያለሽ ስትለኝ 'ዘንድሮ' እያልኩ። ማታ በኔ ደም ለመጨረሻ ጊዜ ሠርተው ዛሬ ለሁሉም ሊናገሩ ነበር። ተናደድኩ፣ ተሳደብኩ። መግደል ግን… እንዴት አድርጌ?»

«ይህን ሌላ ማን ሰማ?»

«በሩ ክፍት ነበር። ሁሉም ሰምቷል።»

«ፕሮፌሰሩ በሸሚዝ እንደነበሩ ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎና ለሳጅኑ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ከማን ጋር ተነጋገርኩ?»

መርማሪዋ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች። ሳጅኑ ተማሪዋ አጠገብ ቆመ፤ ተማሪዋ ካቴናው ሲንሿሿ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች።

«አንድ ብርድ የማይችሉ ሽማግሌ» አለች መርማሪዋ፣ «ጋዋናቸውን ወንበር ላይ ጥለው፣ በርጩማውን ረስተው ቀዝቃዛ ክፍል ገቡ። ይህ ሊሠራ የገባ ሰው አገባብ አይደለም። ሮጠው ነው የገቡት። ልጁ ውሃ ውስጥ ወደቀ የተባለ ሰው ነው እንዲህ የሚገባ።»

«ምን ያስሮጣቸዋል?» አለ ሳጅኑ።

«ቱቦዎቹ። ከጠረጴዛቸው ዘወር ሲሉ ወስዶ፣ በሕይወት ያሉት ሕዋሶች ብርድ ውስጥ ናቸው ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። የዚያን ቀን ሥራቸው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሮጡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ደረቁ በረዶ ደግሞ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃቸዋል። ገዳዩ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታ፤ ሙከራውም ሠሪውም አለቁ።»

ወደ ፕሮፌሰሩ ታላቅ ወንድም ዞረች። «እርስዎ በሩን ያውቃሉ። ግን የሚበላሽ ነገር ብርድ ይወዳል ብለው የሚያምኑ ሰው በእነዚያ ቱቦዎች ወጥመድ አይሠሩም። ወጥመዱን የሠራው ሙያውን የሚያውቅ ነው።»

«እንግዲህ ሙያውን የምናውቅ ሁለት ነን» አለ ምክትሉ ወደ ተማሪዋ እያየ። «እኔ ደግሞ ቤቴ ነበርኩ።»

«ቆይ እስቲ ዶክተር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እርስዎ ግን ቅድም አወሩ። 'በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ይገባል?' አሉኝ። ተማሪዋ ሳትጮህ በፊት ጋዋን አልብሳቸዋለች። ወንድማቸው ያዩዋቸው በጋዋን ነው። እርስዎ ሲደርሱ አስከሬኑ ሄዷል። በሸሚዝ መግባታቸውን ማን ነገረዎት? ሳጅን፣ አንተ ነህ?»

«እኔ? አንድ ቃል አልተነፈስኩም!»

«በሸሚዝ ሲገቡ ያያቸው በሩን የዘጋባቸው ሰው ብቻ ነው።»

ምክትሉ ከንፈሩን አረጠበ። «ጠባያቸውን ስለማውቅ ገምቼ ነው።»

«ጣቶችዎም ገምተው ነው የተቃጠሉት? የፈላ ውሃ ይፈሳል እንጂ የሦስት ጣት ጫፍ መርጦ አይነካም። ደረቅ በረዶ ግን በባዶ እጅ ቆንጥረው ሲያነሱት እንደ እሳት ያቃጥላል። በረዶው ቶሎ እንዲተን ከሳጥኑ አውጥተው መደርደሪያው ሥር በተኑት፤ በባዶ እጅዎ። ጓንት ያሳክክዎታላ! ፕሮቲኑን ለሁሉም የሚያጣሩት እርስዎ ነዎት። ያ ሽልማት የሚያስገኝልዎት ፕሮቲን ከዚሁ እጅ ላይ የረገፈ ቆዳ ነው። ሐኪማችን ፕላስተሩን ይፍታና ብርድ ይሁን እሳት ይለየው።»

ምክትሉ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። የማቀዝቀዣው ሞተር ከወዲያ ያጉረመርማል።

«ጥቂት እንዲታገሰኝ ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «ሽልማቱ እስኪያልፍ ብቻ። እምቢ አለ።»

«ሲያንኳኳ ሰምተሃል?» አለ የፕሮፌሰሩ ታላቅ ወንድም። አጠያየቁ ሰው መንገድ እንደሚጠይቅ ነበር።

«ብዙ አላንኳኳም።»

ወንድምየው ጠረጴዛውን ገፍቶ ተነሳበት። ሳጅኑ መሃል ገባ፤ ያ ሁሉ ሰዓት ያሽከረከረውን ካቴናም በምክትሉ እጅ ላይ ዘጋው። ይዞት ሲወጣ ተማሪዋን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

መርማሪዋ የምድር ቤቱን በር ከፈተች። ከደረጃው በላይ የቀን ብርሃንና የመኪና ድምፅ ገባ። «ልጄ፣ ጨርሰናል። መሄድ ትችያለሽ።»

ተማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። በፕሮፌሰሩ ወንድም ፊት ስታልፍ እጇን ያዛት።

«ትላንት ከተጣላችሁ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አላት። «'ልጅቷን ስድስት ዓመት በከንቱ ዘግቼባታለሁ። ውጤቱን ያጣሩ ስትለኝ አልሰማኋትም። ነገ ጧት ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ እጠይቃታለሁ' ብሎኝ ነበር።»

ትክ ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ታዲያ ጧት ለምን አልነገሩኝም?»

«የገደልሽው መስሎኝ ነበራ።»

ተማሪዋ ቦርሳዋን እንደያዘች ተመልሳ ተቀመጠች። መርማሪዋ የተከፈተውን በር ይዛ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ለቀቀችውና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።