አዲሱ ቱቦ

አያትየው የመዳቡን ማሰሮ አዘንብለው ውሃውን ከመኪናዋ ፊት ደፉት። «መንገድሽም ፈተናሽም እንዲህ ይፍሰስልሽ፣ ልጄ!» ካሊና ነጭ ሸሚዟን እየጠበቀች እርጥቡን መሬት ረግጣ ላዳዋ ውስጥ ገባች። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የምትፈተነው ተራራውን ተሻግሮ ፕሎቭዲቭ ከተማ ነው።

ታናሽ እህቷ ኔዳ ግን ቆማ ቀረች። ከሞተሩ ሥር ሌላ እርጥበት አለ። አያቷ ከደፉት ራቅ ያለ፣ እንደ ራዲያተር ውሃ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ።

«ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ!» አላት አባቷ ስታመን። ዓይኗን ተከትሎ ወደ መሬት አየና ሳቀ። «እማዬ፣ ዘንድሮስ ሰፈሩን አጥለቀለቅሽው!»

ኔዳም ለራሷ «የአያቴ ውሃ ነው» አለች። እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

ባለፈው ሳምንት አባቷን ወገቡን ይዞት ነበር። «የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ቀይሪልኝ። ስጫነው ልፍስፍስ ይላል፣ አፉ ላይም ተሰንጥቋል» ብሎ ከማኖል ሱቅ የገዛውን አዲስ ቱቦ ሰጣት። ሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት የምትማረው እሷ ናት። የዚያን ቀን ግን ጓደኞቿ ወደ ግድቡ ለዋና ሲሄዱ በር ላይ ጠሯት። አሮጌውን ቱቦ አዲስ መስሎ እስኪያብረቀርቅ በቅባት ጨርቅ ወለወለችው፤ አዲሱን ከነላስቲኩ የድርቆሽ ማከማቻው ውስጥ ደበቀችው። ነገ እቀይረዋለሁ ብላ ነበር። ማታውኑ ግን አባቷ «ልጄ በገዛ እጇ ቀየረችው!» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ስታመን ጥግ ያዘና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ።

«አባዬ፣ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው! ፊትህን ይቀቅልሃል!»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ መካኒክ ናት» አለ፣ በጭንቀቱ መሀል እየተኩራራ። ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። «ቱቦው አዲስ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ነው፤ ወይ ቴርሞስታቱ። ሁለቱም እዚህ አይጠገኑም። ተጎታች ልጥራ።»

«ተጎታች እስኪመጣ የፈተናው በር ይዘጋል!» አለች ካሊና። ድምጿ ተሰበረ።

ኔዳ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «ቱቦው ነው» አለች።

«አዲሱ?»

«አፉ ላይ ያፈሳል። ብቻ ይቀዝቅዝ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አላልታ ቱቦውን አወጣች፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ ለስንቅ በያዙት የአይብ ቢላዋ ቆርጣ የቀረውን ወደ ቦታው ገፋችውና አጥብቃ አሰረችው። ካሊና ከመንገድ ዳር ምንጭ ውሃ ቀድታ መጣችና ራዲያተሩን ሞሉት። ስታመን የተቆረጠውን ቁራጭ አንስቶ እያገላበጠ አየው።

«ይሄ ነው አዲስ? ማኖል ሸወደኝ! አብሮ አደጌ!» ስልኩን አወጣ። «ሄሎ፣ አንተ ሌባ! ለልጆቼ የበሰበሰ ቱቦ ትሸጣለህ?... አትማልብኝ! መጣሁልህ!»

ኔዳ ካቻቢቴውን ስትጠርግ ቆየች። አሁን ልትናገር ነበር። ግን ካሊና እያየች ነበር፤ መንገዱም ገና ይቀራል። ኮፈኑን ዘጋችው።

የፈተናው አዳራሽ ሳይዘጋ በሩ ላይ ደረሱ። ካሊና ከመኪናው ዘላ ወረደችና ተመልሳ በመስኮት እህቷን አቀፈቻት። «አንቺ ባትኖሪ አልቆልኝ ነበር እኮ!»

ኔዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም።

አባቷ መኪናዋን በቀጥታ እዚያው ከተማ ወዳለው የማኖል የመለዋወጫ ሱቅ ነዳት። ማኖል ፀጉሩ የሸሸ፣ ሆዱ የወጣ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እንደ ወትሮው እጁን አላውለበለበም። በእጁ ሌላ አዲስ ቱቦ ይዟል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«እያየሽው ነው? አፍሯል!» አለ ስታመን የእጅ ፍሬኑን እየሳበ።

«አባዬ፣ አትውረድ።»

«ለምን?»

«አልቀየርኩትም። አዲሱ ድርቆሽ ማከማቻው ውስጥ ነው፣ ከነላስቲኩ። ዋና ሄጄ ነበር። ያ ቁራጭ አሮጌው ነው።»

የስታመን እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ እንዳለ ቀረ። ውጭ ማኖል አንድ እርምጃ ቀርቦ ቆመ፤ መግባባቱ ይሻላል ወይስ መጣላቱ የሚል ይመስላል።

«ሌባ አልኩት» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

«ሰምቻለሁ።»

«ካሊናስ?»

«ስትወጣ እኔው እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን ለእሳቸው።»

ኔዳ በሯን ከፈተች። ወረደችና ወደ ማኖል ሄደች።