ሳያነብ የፈረመበት ጥናት

የልድያ ሬሳ የተገኘው በ1963 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ነው። ጦር ከጀርባዋ ገብቶ እንደቆመ ነበር። የፖሊስ መቶ አለቃ ዘውዱ ሲደርስ የደን ጥናት ጣቢያው ኃላፊ አቶ በሪሁን ቀድሞታል። ሽቶ በነካው መሐረብ አፍንጫውን ይዞ፣ ይህ የጎግ መንደር ሽማግሌ የኦሞድ ሥራ ነው አለው፤ ትናንት ከእሷ ጋር ሲጣሉ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዘውዱን ከሬሳው ይልቅ መሐረቡ አስጠላው።

ልድያ የኅብረተሰብ ጥናት ተምራ አሥራ አንድ ዓመት በደን ምርምር የኖረች ሴት ነበረች። ሌሎቹ ዛፍ ሲለኩ፣ እሷ ሰው ዛፉን እንዴት እንደሚጠብቅ ትጠይቅ ነበር። ለዚህም ሦስት ክረምት በኦሞድ መንደር ከርማለች።

ኦሞድ መጣላታቸውን አልካዱም። መንደሩ ዱሩን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ይቆረጥ የሚል ጥናት ከጣቢያው ወጥቷል መባሉን ሰምተው ተቆጧት። እሷም እያለቀሰች፣ እኔ አልጻፍኩትም፣ ነገ አዲስ አበባ ሄጄ እናገራለሁ አለቻቸው።

ነጋዴው ፈረጅ ደግሞ ከዱሩ የሚቆረጠውን ግንድ ሊገዛ የተዋዋለ ነው። የጦር ስለት እንደሚሸጥ፣ ዘንጉን ግን ገዢው ራሱ እንደሚያበጅ ተናገረ። ማን እንደገዛው ሲጠየቅ አላስታውስም አለ።

ዘውዱ ጦሩን አጠበና አየው። ስለቱ አዲስ ነው፤ ዘንጉ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል። የጣቢያውን የእንጨት ናሙና ክፍል ቁልፍ ከበሪሁን ተቀብሎ ገባ። ከዚያ የጥናቱን ቅጂ ይዞ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አነበበው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በጣቢያው በረንዳ ሰበሰባቸው።

«አቶ በሪሁን፣ ይህ ጥናት የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ስሜ አለበት።»

«ገጽ አርባ ላይ ምን ይላል?»

በሪሁን እጁን ወደ ቅጂው ዘረጋ።

«ላንብብልዎ። ‹ውስጡ ቢጫ የሆነውን ዛፍ የመንደሩ ሰው አይቆርጥም፤ የወደቀ ቅርንጫፉን እንኳ ቤቱ አያስገባም።› የጦሩ ዘንግ ከዚያ ዛፍ ነው። ስለዚህ ኦሞድ አላበጁትም። አቶ ፈረጅም ስለት እንጂ ይህ እንጨት የላቸውም። በመጋዝ ተቆርጦ ያለው በናሙና ክፍሉ ብቻ ነው፤ ቁልፉም ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ከናሙናዎቹ አንዱ አጥሮ አገኘሁት፤ ዘንጉን ባስጠጋው ገጠመ። ጥናቷን ወስደው መደምደሚያውን ገለበጡት፤ ልትናገር ስትነሳ ገደሏት። ያልሠሩትን ጥናት ቢያነቡት ኖሮ፣ በኦሞድ ለማላከክ ብለው ይህን እንጨት አይነኩትም ነበር።»

ፈረጅ አንገቱን ደፍቶ፣ ስለቱን የገዛው በሪሁን መሆኑን ያን ጊዜ አመነ። ዘውዱ ፊቱን አዞረበት።

በሪሁን አልደነገጠም። «ዕድሜዋን ከባላገር ጋር ስታወራ ነው የፈጀችው፤ ይሄ ምርምር ነው?» አለ።

እጁን ታስሮ ለፍርድ ወደ ጎሬ ከተማ ተላከ።

ከወር በኋላ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። የአጥኚው መከሰስ ጥናቱን አይመለከተውም፤ በመደምደሚያው መሠረት ዱሩ ይቆረጥ፤ ፖሊስም ቆራጮቹን ይጠብቅ ይላል። ዘውዱ ጎግ ድረስ ወርዶ ለኦሞድ ነገራቸው። 

«ሰውዬውን አስረኸው የለ?» አሉ ሽማግሌው። «ታዲያ አሁን ይቆረጥ ብሎ የሚያዘው ማን ነው?»

  ከዱሩ በኩል የመጀመሪያው መጋዝ ድምፅ ሲሰማ፣ ዘውዱ በደብዳቤው ለታዘዘው ጥበቃ ሊቆም ሄደ።