ሻርፑ በግራ ትከሻ

ሽማግሌው ተዋናይ ከአሥራ አንዱ የእንጨት ደረጃዎች ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ደረጃው የትም አያደርስም፤ ለቀረጻ የተሠራ ነው። ሰውየው ሰባት ዓመት በቴሌቪዥን ድራማ ተመልካች የሚወዳቸውን አጭበርባሪዎች ሲመራ፣ ስንቱን ባለሀብት አሞኝቶ በዚሁ ደረጃ እየሳቀ ወርዷል። ዛሬ በምሳ ሰዓት ወረደና አልተነሳም።

ኤሌክትሪሺያኑ በካቴና ታስሮ ከመብራቶቹ ሥር ተቀምጧል። የመብራት ገመዱ ላይኛው ደረጃ ላይ ተዘርግቶ ተገኝቷላ። አራት ልጆች አሉት። ጥፋት ፍለጋ ከደሃ ደጅ ሲጀመር መንገዱ ያጥራል።

መርማሪው ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ትናንት የመጡ ባለዲግሪዎች ሲያዙት የኖረ ሰው ነው። አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«አለቃህን አትጠራልኝም?» አለው ዳይሬክተሩ።

«አለቃዬ ስብሰባ ላይ ነው። የጠዋቱን ቀረጻ ፎቶ አምጣልኝ።»

ፎቶዎቹ በዳይሬክተሩ መኪና ውስጥ ተቆልፈው ነበር። በፎቶው ላይ የሽማግሌው ሻርፕ ከግራ ትከሻው ወርዶ፣ ጫፉ የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ ላይ ያርፋል። አስከሬኑም ላይ እንደዚያው።

የሽማግሌውን ልጅ ሆና የምትጫወተውን ተዋናይት ጠራት።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ከዳይሬክተሩ ጋር፣ መኪናው ውስጥ። ዘበኛውን ጠይቀው፣ ከዚያ አልወረድንም።»

«ሽማግሌውስ?»

«እላይ፣ ደረጃው አናት ላይ ብቻውን ነው የሚበላው። ስወጣ አየሁት፣ ብርድ ስለማይችል ሻርፑን አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ።»

«ማን ያነጋግረው ነበር?»

«ካሜራ ካልበራ እሱን ማን ያነጋግረዋል፣ ጋሼ?»

ቀጥሎ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ሄደ።

«ጠዋት ሻርፑ በየትኛው ትከሻው ነበር?»

«ምን አውቄ። እኔ ከላይ ሆኜ የማየው መላጣውን ነው።»

መርማሪው ሳቀ። ኤሌክትሪሺያኑ አልሳቀም። «ገመዱን ጠቅልዬ ጥግ አስቀምጬው ነው የወጣሁት። ማን ያምነኛል ግን?»

የቀረችው ኮንቲኒዩቲ የሚሏት ሴት ናት። ሥራዋ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው አንዲት ቁልፍ እንኳ እንዳትለወጥ መጠበቅ ነው። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ምሳ ከማን ጋር በላሽ?»

«አልበላሁም። ደሞ ከማን ጋር ልበላ?»

መርማሪው አራቱንም ለቀረጻ በተዘጋጀው ሳሎን ሰበሰባቸው።

«አሥራ አንድ ደረጃ የተንከባለለ ሰው ሻርፑ እንዲህ አያምርም» አለ። «ያውም ሁለት ዙር የተጠመጠመ። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ፈትቶ እንደ ጠዋቱ አድርጎታል፣ እስከ ሦስተኛው ቁልፍ። ፎቶው ደግሞ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ፎቶው የነበራቸው ሁለቱ ከመኪና አልወረዱም፤ ዘበኛውም አይቷቸዋል። ይሄ ምስኪን የሚያውቀው መላጣውን ነው። ፎቶ ሳያይ፣ በቃሉ፣ ይህን የሚችል ማነው?»

ሴትየዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አወረደችው።

«እጄ ነው» አለች። «ሳላስበው እጄ አስተካከለው።»

«ምን አድርጎሽ?»

«ምንም። ሰባት ዓመት ፂሙ ስንት ቀን እንዳደገ ሳይቀር ስጽፍ ኖርኩ። ዛሬ አብረን እንብላ ብዬ ምሳዬን ይዤ ወጣሁ። ያችን የቴሌቪዥን ፈገግታውን ፈገግ አለና ‹አዲስ ነሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?› አለኝ። ገፋሁት።»

«ገመዱስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ የዘረጋሁት። ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ እንዲሆን።»

ካቴናው ተፈታ። መርማሪው ቅጹን አውጥቶ «ስሟ ማነው?» አለ። ዳይሬክተሩ ተዋናይቷን አየ። ተዋናይቷ ጫማዋን አየች።

ኤሌክትሪሺያኑ የእጁን አንጓ እያሸ ስሟን ከነአባቷ ተናገረ።

«ጠዋት የመግቢያ መዝገብ ላይ ስንፈርም ስሟ ከኔ ስም በላይ ነው» አለ።

ሴትየዋ ያኔ ገና ቀና ብላ አየችው።