ክር ንከሺ

አስከሬኑ የተገኘው ከቆመ ብዙ ዘመን በሆነው ኤስካሌተር ግርጌ ነው። የገበያ ሞሉ በተከፈተ ሰሞን ሰው እየተጋፋ የሚወጣበት ያ ደረጃ ዛሬ አይንቀሳቀስም። «ተንቀሳቃሽ ደረጃ» የሚለው ስሙ ብቻ ቀርቷል። ሟቿም የምትጠራው በቅጽል ስም ነበር። ሰልባጅ ልብስና አሮጌ ዕቃ ትሸጣለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትሰቅልም ሰው «እትዬ መስቀያ» ይላታል።

መርማሪዋ ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነው። የመስታወቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ተደርድሯል። ዘበኛው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ከላይኛው ፎቅ ነው፣ እህቴ። ራሷን ወረወረች ነው የሚባለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም። ሁሉም ስል... እንግዲህ የቀረነው ሦስት ሰው ነን። እኔ ነኝ፣ ባለጫማዋ ናት፣ ልብስ ሰፊው ነው። ሌላው ሱቅ እንደምታይው ተከርችሟል።»

«ስትወድቅ አንተ የት ነበርክ?»

«መብራት ሲጠፋ ማን ይመጣል ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣ አልኩ። ምነው ባልወጣሁ!»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የሙት ልብስ መንካት ያስፈራታል። ልብስ የሰውየውን ክርን፣ የሰውየውን ትከሻ አይረሳም። ቢሆንም ነካች። የሟቿ ቀኝ ክንድ ድሮ ተሰብሮ ጠምሞ የዳነ ነው፤ ከግራው ያጥራል። በሁለቱም ክንዶች ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ሰንበር አለ። ግራጫው ሹራቧ ትከሻው ላይ በአዲስ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥቃቅንና ያማረ ነው። መርማሪዋ ስፌቱን በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችው። ከሥር ያለው ሸሚዝ አብሮ ተነሣ።

ደግማ ሞከረች። አሁንም አብሮ ተነሣ። ቀና ስትል ከሟቿ ከንፈር መካከል የግራጫ ክር ጫፍ ብቅ ብሎ አየች።

የሟች ልጅ ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«በምን?»

«በምላሴ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«የምኖረው ደጋ ነው። ልወስዳት መጣሁ። እዚህ ብቻሽን በአሮጌ ጨርቅ መሃል ትሞቻለሽ አልኳት። ብርዱን አልችልም አለች። ከራሷ በላይ አንድ ወፍራም ካፖርት ተሰቅሎ ነበር፤ አቧራ የጠጣ። ይኸው እሱን ልበሺ አልኳት። እሱን የሚለብስ ሞኝ እዚህ አገር አልተወለደም አለች። ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው አለችኝ። እኔም... እኔም እንደፈለግሽ፣ ሳጥኑን ስትገዢ ላኪብኝ ብያት ወጣሁ። ባለጫማዋ ሰምታለች፤ ጠይቂያት።»

«ከዚያ በኋላ አላየሻትም?»

«በቁሟ አላየኋትም። ሰው ጠርቶኝ ስመጣ እዚህ ተኝታለች። አሁን ለቀስተኛ ይመጣል። እኔ በየትኛው ዓይኔ ላልቅስ? ገዳይ ያለቅሳል እንዴ?»

መርማሪዋ እጇን ልጅቷ ጉልበት ላይ አሳርፋ ተነሣች።

ባለጫማዋ ያገለገለ ጫማ ነው የምትሸጠው። አፏ አያርፍም።

«ጠቡን እንዴት አልሰማ? ጆሮዬን ለየትኛው ደንበኛ ልጠብቀው? ከትላንት ጀምሮ የገባችው አንዲት ድመት ናት።»

«ከሟች ጋር ትስማሙ ነበር?»

«በጭራሽ!» አለች ባለጫማዋ። «አንድ ቀይ ጫማ አለ። ቀኙ እኔ ጋ፣ ግራው እሷ ጋ። እኔ ሽጭልኝ እላለሁ፣ እሷ አንቺ ሽጭልኝ ትላለች። አንድ እግር ያለው ገዢ ስንጠብቅ አረጀን!»

«ታዲያ አሁን ሁለቱም ጫማ እሷ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንደኛው አቧራ የለበትም።»

ባለጫማዋ ሳቋ ጠፋ። መሐረቧን አወጣች። «እኔ ነኝ የወሰድኩላት። መሞቷን እንደሰማሁ። እልህ ምን ያደርጋል? ውሰጅ ብዬ... አስቀመጥኩላት።»

ልብስ ሰፊው ፎቅ ላይ ነው፤ «ጋሽ መርፌ» ይሉታል። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ሱቁ በሻማ በርቷል። ከበሩ ኋላ አንድ ወፍራም ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ እጅጌዎቹ ታጥፈው በስፒል ተይዘዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እትዬ መስቀያን አይተዋታል?»

«አላየኋትም። እግሬን እያመመኝ ከዚህ አልወጣሁም።»

«ይሄ ካፖርት የማነው?»

«የደንበኛ ነው። ከመጣ ቆየ።» ዓይኑ ወደ መርማሪዋ ኮት ወረደ። «አዝራርሽ ሊወድቅ ነው እኮ፣ ልጄ።»

አዝራሩ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። መርማሪዋ ልታወልቀው ስትል ከለከላት። «ቁሚ፣ ቁሚ። እላይሽ ላይ እሰፋዋለሁ።» እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቷል። ከክሩ ላይ ቆንጠር አድርጎ አቀበላት። «ክር ንከሺ።»

«ለምን?»

«በሰው ገላ ላይ ሲሰፋ ልብ አብሮ እንዳይሰፋ። እኔ ዘንድ ክር ሳይነክስ የተሰፋለት ሰው የለም።»

ነከሰች። ክሩ ምንም ጣዕም የለውም፤ ምራቋ ግን መረራት። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «በቃ» አለ።

በማግስቱ ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ውጤቱን ላከላት። መርማሪዋ ሁሉንም በሟቿ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ከተሰቀለ ልብስ መሃል፣ ራስ ከሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ጎን፣ መሬት ላይ በተቆለለ አሮጌ መጽሐፍ ላይ፣ እየተቀመጡ ቦታ ያዙ። ካፖርቱን ክንዷ ላይ ይዛ ገባች።

«ይቺ ሴት ራሷን አልወረወረችም» ብላ ጀመረች። «ከላይ የተወረወረ ሰው ወለሉ ላይ ነው የሚያርፈው። እሷ ግን ክንዶቿ ላይ ያለው ሰንበር የደረጃው ብረት ጥርስ ነው። ከጫፍ እስከ ግርጌ ተንከባልላለች።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ሁለተኛው ነገር ሹራቧ ነው። ትከሻው ተተርትሮ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ግን ሸሚዟን ይዟል። ሹራብ ከሸሚዝ ጋር ተሰፍቶ አይለበስም። ታዲያ የተሰፋው ለብሳው ሳለች ነው።»

«በሕይወት እያለች ሰፍታው እንደሆነስ?» አለ ዘበኛው።

«የገዛ ትከሻዋን፣ በዚያ በጠመመ እጇ? አይሆንም። ቆማም ቢሆን ሰፊው ሹራቡን ሳብ አድርጎ ከሸሚዙ ይለየው ነበር። የተሰፋው ተኝታ ነው፤ ሰፊውም ሊያንቀሳቅሳት አልደፈረም።»

መርማሪዋ ካፖርቱን ዘረጋችው።

«ሦስተኛው ይሄ ካፖርት ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ስትጣላ እዚሁ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቶ ነበር። እኔ ስመጣ ግን ልብስ ሰፊው ጋ ነው፤ እጅጌው በስፒል ተይዟል። ቀኙ ከግራው በእጅጉ አጥሯል። ለሽያጭ የሚሆን ልብስ በአንድ ሰው ክንድ ልክ አይታጠፍም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «እናትሽ ካንቺ ከተጣላች በኋላ ይህን ካፖርት ይዛ ሄዳ አስለካች። ደጋ ልትወጣ ነበር። ካንቺ ጋር።»

ልጅቷ ካፖርቱን አየች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ጋሼ፣ ትላንት አላየኋትም ብለውኝ ነበር። ስፒሉን የተከለው ማን ነው?»

ጋሽ መርፌ መነጽሩን አወለቀ።

«አራተኛውን ልጨምር። ሐኪሙ ከጥርሷ መሃል ግራጫ ክር አውጥቷል። ክሩ ደጋግሞ ተላምጧል። የሞተ ሰው አያላምጥም። ክር ንከሺ ብሎ የሚሰፋ ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«እናትሽ መጥታ፣ ልጄ ለመነችኝ፣ እሄዳለሁ አለችኝ። እጅጌውን ለካሁላት። እየሳቀች ነበር። ነገ እወስደዋለሁ ብላ ወጣች። ተከተልኳት። አንቺ ስትሄጂ እዚህ ፎቅ ላይ ከማን ጋር ላውራ? አልኳት። ደረጃው ጫፍ ላይ ትከሻዋን ያዝኳት። አልገፋኋትም። ያዝኳት እንጂ። ልቀቀኝ ብላ ስትመነጨቅ ስፌቱ ለቀቀ።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ወርጄ ስደርስ ታወራኛለች። ሹራቤን ቀደድከው አይደል አንተ ሰውዬ፣ አለችኝ። ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፣ ስፋልኝ አለች። ክር ንከሺ አልኳት። ነከሰች። ሰፋሁ። ስጨርስ በይ ተነሺ አልኳት።» እጁን አየ። «ደግሜ፣ ተነሺ አልኳት።»

«ለምን አልጮሁም ጋሼ?» ልጅቷ ነበረች። «ለምን ሰው አልጠሩም?»

«እጄ የሚያውቀው መስፋት ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«ከዚያስ? እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ ስቀመጥ እያዩኝ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ባለጫማዋ ልትመታው ነው ብላ ተነሣች።

«እሄዳለሁ አለች?»

«ብላለች።»

«በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ። የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ልሞት ነው እንዴ፣ አለች።»

ልጅቷ ባለችበት ቁጢጥ አለች። ከዚያ «እማዬ!» አለች፤ ደግማ «እማዬ!» አለች፤ ጩኸቷ በባዶው ሞል ከተዘጋ በር ወደ ተዘጋ በር ሄደ። ባለጫማዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስጠጋች። «አልቅሺ የኔ ልጅ። አሁን የእናትሽ ለቅሶ ነው፤ አልቅሺላት» አለቻት።

ሽማግሌው ሁለት እጁን አቅርቦ ለመርማሪዋ ዘረጋ። እሷ ግን አልያዘችውም። «ይቆዩ» አለችው ቀስ ብላ። «ልጅቷ ታልቅስ።»