የክለቡ ማንቆርቆሪያ

«ክለባችንን ለአርባ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለው፣ ጎኑ ሁለት ቦታ የሰረጎደው የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያችን ከትናንት ልምምድ ጀምሮ ደብዛው መጥፋቱን በታላቅ ኀዘን እንገልጻለን። ያየ ያሳውቅ። የኩሮኢዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ራግቢ ክለብ።»

ከሥሩ፣ ቦታ ስለጠበበ በደቃቅ ፊደል፣ ኤቢሃራ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ተጫዋች መሞቱ ተጽፏል።

መርማሪ ቶጋሺ የክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማ ጥርሷን ነከሰች። አለቃዋ «ሰክሮ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥሟል፤ የሳኬ አረቄ ጠርሙስም አጠገቡ ተገኝቷል። አስከሬኑ ቀትር ላይ ይቃጠላል፤ ፈርመሽ ተመለሽ» ብሏታል። የሟቹ ታላቅ እህት ቺዙሩ ግን በሩ ላይ ጠብቃ ይዛታለች።

«ወንድሜ እንኳን ሳኬ፣ ሳኬ የነካው ብርጭቆ አይነካም ነበር። ሰካራም ብለው ሊያቃጥሉት ነው!»

ከተቃጠለ በኋላ አመድ አይመሰክርም። ቶጋሺ ወደ አሰልጣኝ ኢሶጋይ ቢሮ ገባች። ሰውዬው አንገት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ጋር የተበየደ ይመስላል።

«ትናንት የተመታ ተጫዋች ነበር?»

«ቀላል ሩጫ ነበር። ማንም ማንንም አልነካም። ልጁ ጠጣ፣ ገንዳ ገባ፣ አለቀ።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ፣ ልታጠብ ስገባ። ጭቃዬን እንኳ አላራገፍኩም ነበር። ለመሆኑ አንቺ ኳስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሬሳ ግን ይዤ አውቃለሁ።»

መታጠቢያ ቤቱ ከትናንት ጀምሮ ታሽጓል። ገንዳው ውስጥ፣ ከውሃው ሥር ጭቃና ሣር ተኝቷል። ፖሊስ ትናንት ያነሳውን ፎቶግራፍ አየች፤ ሰው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ተቀምጦ ገላውን የሚታጠብባቸው በርጩማዎች ሁሉ ደረቅ ነበሩ።

አምበሉ ሙናካታ ጆሮዎቹ በግፊያ ብዛት ተጨማደው እንደ ጥቅል ጎመን ሆነዋል። ስትጠራው «አቤት!» ብሎ እንደ ወታደር ቀጥ አለ።

«ማንቆርቆሪያው ምን ይሠራል?»

«ውሃ ይይዛል።»

«የሚጠጣ?»

«ለሚጠጣው ጠርሙስ አለ። የማንቆርቆሪያውን የአስማት ውሃ እንለዋለን። ሰው ተመትቶ ራሱን ሲስት ፊቱ ላይ ይፈሳል። ይነሳል።»

«ካልተነሳስ?»

«እስኪነሳ ይፈሳል።»

ቶጋሺ ደሟ ፈላ፤ ድምጿን ግን አላነሳችም። «ገንዳው ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ማነው?»

«አሰልጣኙ። ከዚያ በዚያው ውሃ እኛ በየዕድሜያችን። ኤቢሃራ ጋ ሲደርስ ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር።»

«አሰልጣኙን ቀድሞ የገባ አለ?»

«በሕይወት?» አለና በገዛ ቀልዱ ደነገጠ።

«አሰልጣኙ ሞቱን እንዴት ነገሩህ?»

«በቀስታ። ፎጣ ተዛነፈ ብለው የሚያገሱት ሰው፣ "ኤቢሃራ ሰጥሟል" አሉኝ።»

ቀትር ሳይሆን ሁሉንም መልበሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቺዙሩ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ ገላውን ሳይታጠብ ገንዳ አይገባም» አለች ቶጋሺ። «ሰካራምም ቢሆን ልማዱ ይመራዋል። ኤቢሃራ ግን ከነጭቃው ነበር፤ በርጩማዎቹም ደረቅ ነበሩ። እንግዲህ በእግሩ አልገባም፤ ተከተተ። ማን ከተተው? ውሃው ገና የአሰልጣኙ ነበር። እናንተ እሳቸውን ቀድማችሁ ጣት አትነክሩም፤ ሬሳ ብትደብቁ እንኳ ሌላ ቦታ ትደብቃላችሁ። ያንን ውሃ ለሌላ ለመስጠት የሚደፍር አንድ ሰው ብቻ ነው። ፎጣ ተዛነፈ ብለው የሚያገሱት አሰልጣኝ ደግሞ፣ ጀማሪ ገንዳቸው ውስጥ አግኝተው በሹክሹክታ ተናገሩ። ለምን? አልደነገጡማ! ራሳቸው ናቸው ያስገቡት፤ ጠርሙሱንም ያስቀመጡት።»

«ተረት!» አለ ኢሶጋይ።

«ማንቆርቆሪያውስ? ማንም ካልተመታ ማነው ያጠፋው?»

ሙናካታ ተነሳ። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ በፎጣ የተጠቀለለውን ማንቆርቆሪያ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«አሰልጣኙ ቆሻሻ ውስጥ ጥለውት ነበር። አነሳሁት። ማስታወቂያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ውሻ!» አጓራ አሰልጣኙ። «ከጭቃ አንስቼ ሰው ያደረግኩህ!»

«ኤቢሃራ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ወደቀ» አለ ሙናካታ፣ ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው ሳይነቅል። «መጀመሪያ ሲወድቅ ውሃ ፈሰሰበት፣ "ተነስና ሜዳ ግባ" አሉት፣ ገባ። ሁለተኛ ሲወድቅ ፈሰሰበት፣ አልተነሳም። "ይነቃል፤ እናንተ ሩጡ" አሉን። ሮጥን።»

«በእኛ ጊዜ ሁላችንም ተነስተናል!» አለ ኢሶጋይ። «የሱ ወገብ ሰነፍ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«ወገቡን አይደለም፤ ጭንቅላቱን በሐኪም እናስከፍታለን» አለችና ቶጋሺ ስልኳን አነሳች። «አለቃ፣ እሳቱን ያስቁሙ። አልፈርምም። ቢፈልጉ ይጩኹ፤ ዛሬ ጩኸት ለምጃለሁ።»

ቺዙሩ ከግድግዳው ተላቃ አምበሉ ፊት ቆመች።

«ውሃውን የሚያፈሰው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም።»

«እንደማይነሳ እያየህ? ለምን?»

ኢሶጋይ እንኳ መልሱን ለመስማት ቀና አለ። ሙናካታ አሰልጣኙ እንዳስተማረው እጆቹን ጎንና ጎኑ ላይ አጣብቆ ቀጥ አለ።

«ሰበብ አላቀርብም» አለ።