የተሸነፈ አገር ዘፈን

ጫማ ጠጋኙ ቀና አላለም።

«ተረከዙ አልቆ ነበር። ቀይሬዋለሁ።»

«ውሃ ያስገባል?»

«ዛሬ አያስገባም።»

«ዛሬ» ካለ መልእክት አለ ማለት ነው። ሴትየዋ ጫማዋን ተቀብላ ሄደች። ላኪዎቿ «ድርጭት» ይሏታል። በሬዲዮ ጣቢያው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሙዚቃ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ማን ይጠረጥራታል? ሹራብ ለባሽ፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት።

መጸዳጃ ቤት ገብታ የጫማውን ገበር ገለጠች።

«ዛሬ አሥር ሰዓት። ኩምቢያ። አጎት።»

አጎት አለቃዋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የኳሱ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ ጣቢያው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከውድድሩ ያልወጡ አገሮችን ዘፈን ያሰማል። የብራዚል ሳምባ፣ የአርጀንቲና ታንጎ፣ ሌላም ሌላም። በከተማው ሌላኛ ጫፍ «ጃርት» የሚባል ሰው ሬዲዮኑን ከፍቶ ይጠብቃል። ጃርት በጸጥታ ቢሮ መዝገብ ክፍል ይሠራል፤ ሊታፈሱ የታቀዱ ሰዎችን ስም ገልብጦ ይዟል። የስድስት ዓመት ልጅም አለችው። መጀመሪያ የኮሎምቢያ ኩምቢያ ከተሰማ ልጁንና ወረቀቱን ይዞ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ይወጣል። የፖርቱጋል ፋዶ ከተሰማ ንቅንቅ አይልም፤ ወረቀቱን ለሌላ ቀን ይደብቃል። ምንም ካልሰማ ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፤ እንዲህ ነው የተባለው። መልኩን ድርጭትም አጎትም አያውቁትም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ድርጭት በምሳ ሰዓት መናኸሪያውን ልታይ ወጣች። ሁልጊዜም እንዲህ ታደርጋለች፤ ደግ አደረገች።

ሦስት ጠራጊዎች መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። የሦስቱም ጫማ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ፣ ጥቁር ቆዳ። ማነው በእንዲህ ያለ ጫማ አስፋልት የሚጠርግ?

ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ መኪና ቆሟል።

አጎት ከኋላ ተቀምጧል።

ግራና ቀኙ ሁለት የጸጥታ ሰዎች አሉ። አንደኛው ብርቱካን እየላጠ ያቀብለዋል። ለእስረኛ ብርቱካን አይላጥለትም።

አጎት ሸጧቸዋል። የጃርትን መልክ ስለማያውቅ፣ በእሷ እጅ በዘፈን ጠርቶ ሊያስይዘው ነው። ከነልጁ።

ፋዶ! ሌላ መላ የለም። ፖርቱጋል ደግሞ ትናንት በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፋ ከውድድሩ ወጥታለች።

ምልክቱ ሲመረጥ «ብትሸነፍስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የላኪዎቿ ቢሮ ሰዎች ሳቁባት። «ፖርቱጋል? ዋንጫውን ነው የምትበላው!» አሏት። አይ የወንበር ላይ ሰላይ! የሰው ነፍስ በኳስ ተጫዋች እግር ላይ ይንጠለጠላል?

ዘጠኝ ተኩል ላይ የጣቢያው ኃላፊ ፊት ቆመች።

«አንድ ፋዶ ብቻ፣ ጌታዬ። ለመሰናበቻ።»

«እትዬ፣ የተሸነፈ አገር ዘፈን አይተላለፍም። ደንብ ነው። ዲስኮቹም መጋዘን ወርደዋል።»

«ለሞተ እንኳ ይለቀስለታል እኮ።»

«እንግዲያው ቤትሽ ሄደሽ አልቅሺለት።»

የመጋዘኑ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኪሱ ከተተው።

ከኋላ ከኋላው እያለች ብትለማመጠው፣ ብትለምነው፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ዘጠኝ ከሃምሳ ሲል ተስፋ ቆርጣ ወደ ስቱዲዮ ወጣች።

ጋሽ ገመድ መሣሪያው ላይ አቀርቅሯል። የድምፅ ባለሙያ ነው፤ አንገቱ ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ስለሚውል ይህ ስም ወጣለት። የፖርቱጋል ደጋፊ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አላናገረም። ከመሳቢያው ጥግ የራሱ የፋዶ ዲስክ ብቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ሻይ ብታመጣልኝ? ራሴን ፈለጠኝ።»

«አሁን? ስርጭቱ አምስት ደቂቃ ቀርቶት?»

«ትደርሳለህ።»

እያጉረመረመ ወጣ። እሱ በሌለበት እንዲሆን ነው የፈለገችው። ማንም «አንተ ነህ» እንዳይለው።

በሩን ቆለፈች። ዲስኩን ከተተች።

ዝም።

ተጭሯል። አውጥታ በሹራቧ ጠረገችው፤ መልሳ ከተተች።

ዝም።

አሥር ሰዓት።

«እባክህ» አለችው መሣሪያውን፣ እንደ ሰው።

ጊታሩ ተሰማ። ከዚያ የዘፋኟ ድምፅ፣ ረጅም፣ ሐዘን ያጎበጠው። ስልኩ ወዲያው ይጮህ ጀመር። ኃላፊው በሩን በጡጫ ደበደበ። ድርጭት በኋላ በር ወጥታ ጠባቡን ደረጃ መውረድ ጀመረች።

ጋሽ ገመድ ሻዩን ይዞ ሲወጣ ተገጣጠሙ።

«የኔ ዲስክ ነው የሚሰማው።»

«ነው፣ ጋሼ። አትጠይቀኝ። ወደ ላይም እንዳትወጣ።»

ፊቷን ልብ ብሎ አየው። ሻዩን ሰጣት።

«ጠጪ፣ አመድ መስለሻል። እኔ ነኝ ያጫወትኩት እላለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሳኮርፍ አይተውኛል፤ ያምኑኛል።»

«ጋሼ፣ ነገሩ ተግሣጽ አይደለም። እስር ነው፤ ዱላ ነው።»

«ታዲያ አንቺን አይመቱሽም?»

ደረጃውን ወጣ። እጁን ልትይዘው ትችል ነበር።

አልያዘችውም።

ከከተማው የሚያስወጣው አውቶቡስ በመናኸሪያው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሻሿን ግንባሯ ድረስ ጎትታ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ጠራጊዎቹ የተጠረገውን መልሰው ይጠርጋሉ። አጎት ከመኪናው ወርዶ መጪውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያያል። ሰማያዊ ጃንጥላ የያዘ ሰው የለም።

ጃርት ሰምቷል።

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። የሚናገረው የጣቢያው ኃላፊ ነበር፤ ከውድድሩ የተሰናበተ አገር ዘፈን በመተላለፉ አድማጮችን ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱን የፈጸመው የድምፅ ባለሙያም በቁጥጥር ሥር ውሏል አለ።

አጠገቧ ቅርጫት ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ራሷን ነቀነቀች።

«ለዘፈን ብለው? ምስኪን! ልጆችም ይኖሩታል እኮ።»

«ሦስት» አለች ድርጭት።

አመለጣት። በሦስት ዓመት አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም።

ሴትየዋ ዞር አለች። «ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም።»

በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። የምትወርድበት አልነበረም።