በጥቁር የተከበበው ደብዳቤ

አዛውንቱ መሐንዲስ የሞቱት የቢሮ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥና የሻይ ብርጭቆ አጠገባቸው አለ፤ ስክሪኑ ላይ የስንብት ደብዳቤ ተከፍቷል። ከምሳ ተመልሳ ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች።

«ወራሻቸው አንቺ ነሽ አሉ» አላት መርማሪው። ነገር ሳያበጥር ስለማያልፍ ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል።

«አዎ። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።»

ወንፊት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ደብዳቤው በሰፊው ስክሪን መሃል፣ ፖስታ ካርድ በምታህል ሳጥን ውስጥ ነው። ዙሪያው ጥቁር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር በሉት። አጎቴ ፕሮግራም ይፈትሹበታል። ከውጭው ኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ስላልተጫነበት የስክሪኑን ስፋት አያውቅም፤ በለመደው ልክ ብቻ ነው ምስሉን የሚልከው። መስኮቱን ቢያሰፉት የሚሰፋው ጥቁሩ ነው።»

«ማውዙስ? ገና ምንም ሳልጫን ከሳጥኗ አልወጣ አለኝ።»

«አንዴ ውስጡ ከተጫነ ይታሰራል። የቀኙን የኮንትሮል ቁልፍ ሲጫኑ ይለቃል። አጎቴ ጽፈው እንደጨረሱ ሁልጊዜ ይለቁት ነበር።»

ወንፊት በሩ ድረስ ሄዶ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ስክሪኑ አየ።

የአዛውንቱ ሸሪክ ኮሪደሩ ላይ እንባውን ይጠርጋል። «በምሳ ሰዓት በበሩ መስታወት አየኋቸው፤ በሕይወት ነበሩ። ‹የደከመ ሰው ይረፍ› ብለው ጽፈዋል። ምነው ያኔ በገባሁ!»

የቢሮው ጸሐፊ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ከሸሪካቸው ጋር ተጣልተዋል» አለች። «‹ፕሮግራምህ የሕፃናቱን መድኃኒት መጠን ያዛባል፤ ሆስፒታሉ አይጭነውም› ሲሉ ሰማሁ።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ወንፊት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ፖሊሶች ካቴና ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። የእህት ልጅ ካቴናው ለእሷ የመጣ መስሏት እጇን ኪሷ ከተተች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ወደ ሸሪኩ ዞረ። «እስቲ ከበሩ ሆነው ደብዳቤውን ያንብቡልኝ።»

ሸሪኩ ዓይኑን አጠበበ። «ያኔ እኮ… ስክሪኑን ሞልቶት ነበር!»

«ሊሞላው አይችልም» አለች የእህት ልጅ፤ ቃሉ ሳታስበው አመለጣት።

«አይችልም። ከበሩ ደግሞ አይነበብም። ከእሷና ከእኔ በቀር ደብዳቤውን ያየ የለም፤ እርስዎ ግን ቃል በቃል ነገሩኝ። ይህን የሚችለው ወንበሩ አጠገብ ሆኖ የጻፈው ብቻ ነው። ጽፎም ማውዙን አስሮት ሄደ፤ መፍቻውን አያውቅማ። አዛውንቱም እሷም ያውቃሉ።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «ሻዩን ማን አስገባላቸው?»

«እሳቸው…» ወደ ሸሪኩ ጠቆመች። «‹እኔ እወስድላቸዋለሁ› ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ።»

ሸሪኩ ግድግዳውን ተደገፈ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን ፕሮግራም በአንድ ቃል ሊያፈርስብኝ!» አለ። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

የእህት ልጅ እንባዋን እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ስልኩን አነሳች።

«ሆስፒታል ነው? ፕሮግራሙን እንዳትጭኑት። አዎ… አጎቴ ናቸው ያሉት።»